የማርያ ሲቢላ መርያን ታሪክ

በዓለም ላይ ስማቸው የሚጠራ ሰዎች ሁሉ በጦር ሜዳ ድል ያደረጉ ወይም መንግሥት ያቆሙ አይደሉም። ሌላው ሰው ንቆ የሚያልፈውን ትንሽ ነገር በትዕግሥት ተመልክተው፣ ያዩትንም ሳይጨምሩና ሳያጐድሉ ጽፈው በማቆየታቸው ብቻ ስማቸው ከመቃብር በላይ የኖረ ሰዎች አሉ። ማርያ ሲቢላ መርያን ከነዚህ አንዷ ናት። ዕድሜዋን ሙሉ የደከመችበትም ነገር፣ ማታ በመብራት ዙሪያ ሲዞር ቆይቶ በነበልባሉ የሚቃጠለውን፣ ስለዚህም በአማርኛ የእሳት እራት የተባለውን ፍጥረት፣ ከእንቍላሉ ጀምሮ ክንፍ እስኪያወጣ ድረስ መመርመርና መሣል ነው።

የእሳት እራት የቢራቢሮ ዘመድ ነው። ቢራቢሮ በቀን ሲበር፣ የእሳት እራት ግን አብዛኛው በሌሊት ይበራል። ሁለቱ አንድነት ተቈጥረው እስከ ዛሬ በሊቃውንት ስም የተሰጣቸው ዐይነቶች ከ150 ሺህ ይበልጣሉ፤ ከነዚህም ከዐሥሩ ዘጠኝ ያህሉ የእሳት እራት ወገን ነው። በየዓመቱም አዲስ ዐይነት እየተገኘ በቍጥሩ ላይ ይጨመራል። ለነገሥታት መጐናጸፊያ የሚሆነውን ሐር የሚፈትለው ትል፣ በሣጥን የተቀመጠውን ልብስ የሚበላው ብል፣ የገበሬውን አዝመራ በጥቂት ቀን ጠርጎ የሚያጠፋው ተምች፣ ሁሉም የዚሁ ወገን ልጆች ናቸው። ስለዚህ ይህን ወገን በየዐይነቱ ለይቶ ማወቅ የሥራ ፈት ጨዋታ አይደለም፤ የአገር ሀብትና የሕዝብ ምግብ ጉዳይ ነው።

ከሦስት መቶ ኀምሳ ዓመት በፊት ግን በአውሮጳ ይህን ነገር አጥርቶ የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነበረ። ከፈላስፋው ከአርስጣጣሊስ ጀምሮ ሲያያዝ በመጣው ሐሳብ፣ ትልና ነፍሳት ከጭቃ፣ ከጤዛ፣ ከበሰበሰም ነገር ያለ እናትና ያለ አባት ይፈጠራሉ ተብሎ ይታመን ነበረ። በቅጠል ላይ የሚሳበው አባ ጨጓሬና በአየር ላይ የሚበረው ባለ ክንፍ አንድ ፍጥረት መሆናቸውን ያስተዋለ ጥቂት በመሆኑ፣ አብዛኛው ሕዝብ ሁለቱን እንደ ተለያዩ ነገሮች ይቈጥራቸው ነበረ። ይህ የቈየ ስሕተት የተነቀለው በክርክር ብዛት አልነበረም፤ ቍጭ ብለው ባዩና ያዩትን በመሰከሩ ሰዎች ነው።

ማርያ በጀርመን አገር በፍራንክፈርት ከተማ በ1647 ዓ.ም. በአፕሪል ወር በ2ኛው ቀን ተወለደች። በዚህ ታሪክ የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው። አባቷ ማቴዎስ መርያን የታወቀ የመዳብ ሰሌዳ ቀራጭና የመጻሕፍት አሳታሚ ነበረ፤ የከተሞችንና የአገሮችን መልክ እየቀረጸ ያሳተማቸው መጻሕፍት እስከ ዛሬ ይፈለጋሉ። ነገር ግን ማርያ ገና የሦስት ዓመት ልጅ ሳለች በ1650 አባቷ ሞተ። እናቷም በዓመቱ ያዕቆብ ማረል የሚባለውን የአበባ ሠዓሊ አገባች። ይህ የእንጀራ አባት ልጅቱን እንደ ልጁ አድርጎ አስተማራት፤ ቀለም መበጥበጥ፣ ብራና ማዘጋጀት፣ አበባን ከነጠባዩ መሣል ከእርሱ ተማረች።

በ1660 ዓ.ም. የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለች በሰው ቤት የሚረባውን የሐር ትል አግኝታ ማሳደግ ጀመረች። ትሉ ከእንቍላል ወጥቶ ቅጠል እየበላ አራት ጊዜ ቆዳውን ሲገፍ፣ ከዚያም ራሱን በሐር ፈትል ሸፍኖ እንደ ሙት ሲተኛ፣ በመጨረሻውም ክንፍ አውጥቶ ሲነሣ በዐይኗ አየች። ቀጥሎም በአትክልትና በሜዳ የሚገኘው አባ ጨጓሬ ሁሉ እንደ ሐር ትል ይለወጥ እንደ ሆነ ለማወቅ፣ ያገኘችውን ሁሉ እየሰበሰበች በሣጥን ታሳድግ ጀመር። የኢጣልያው ሐኪም ፍራንቼስኮ ሬዲ ትል ከበሰበሰ ሥጋ እንደማይፈጠር፣ ዝንብ ከጣለችው እንቍላል እንደሚወጣ በፈተና አረጋግጦ መጽሐፉን ያሳተመው በ1668 ነው። ይህች ልጅ ግን ከዚያ ስምንት ዓመት አስቀድማ ነገሩን በገዛ እጇ ትከታተል ነበረ።

በ1665 ዓ.ም. የእንጀራ አባቷ ተማሪ የነበረውን ሠዓሊ ዮሐንስ እንድርያስ ግራፍን አገባች። በ1668 ዮሐና ሄለና የምትባል ልጅ ወለደች፤ በ1670ም ወደ ባሏ አገር ወደ ኑርንበርግ ሄዱ፤ በዚያም በ1678 ሁለተኛዋ ልጅ ዶሮቴያ ማርያ ተወለደች። ማርያ ቤቷን እያስተዳደረች፣ ልጆቿንም እያሳደገች፣ ለከተማው ታላላቅ ሰዎች ሴቶች ልጆች ሥዕልና ጥልፍ ታስተምር ነበረ። በተማሪዎቿም ቤቶች የአትክልት ቦታ እየገባች ትሎቿን ትሰበስባለች። ሌሊት ተነሥታ ሣጥኖቿን ትመለከታለች፤ ትሉ መቼ እንደ ተጠቀለለ፣ ስንት ቀን እንደ ተኛ፣ መቼ እንደ ወጣ እየቈጠረች ትጽፋለች። ያየችውንም በትንንሽ የብራና ቍራጭ ላይ ትሥላለች። ይህ የማስታወሻ መጽሐፏ እስከ ዛሬ በሩስያ በፔተርስቡርግ ከተማ ተጠብቆ ይገኛል።

በ1679 ዓ.ም. የአባ ጨጓሬን ድንቅ አለዋወጥ የሚናገረውን መጽሐፏን አሳተመች፤ በ1683ም ሁለተኛውን ክፍል አወጣች። በእያንዳንዱ ክፍል 50 ሥዕሎች አሉ። የመጽሐፉም አዲስነት በሁለት ነገር ነበረ። መጀመሪያው፣ ከርሷ በፊት የነበሩት አብዛኞቹ ሰዎች ነፍሳትን እንደ ደረቀ ዕቃ ለብቻ ሲሥሉ፣ እርሷ ግን እንቍላሉን፣ ትሉን፣ መጠቅለያውንና ባለ ክንፉን በአንድ ገጽ ላይ፣ ትሉ በሚበላው ተክል ዙሪያ አድርጋ ሣለች። ስለዚህም አንዱ ዐይነት ትል አንዱን ቅጠል መርጦ እንደሚበላ፣ ያ ቅጠል ሲጠፋም እንደሚራብ ለሰው ሁሉ ታየ። ሁለተኛው፣ መጽሐፉን የጻፈችው በሊቃውንቱ ቋንቋ በላቲን ሳይሆን ሕዝቡ በሚናገረው በጀርመንኛ ነው። በኢትዮጵያ ግዕዝን የሚያውቅ ሰው ዕውቀቱን በአማርኛ ቢጽፈው ስንት ሰው እንደሚጠቀምበት የሚያስብ አንባቢ፣ ይህ ሥራ ምን ያህል በር እንደ ከፈተ ያስተውላል።

የማይገባትን ነገር እንኳ አልሸሸገችም። አንዳንድ ጊዜ የእሳት እራት ይወጣል ብላ ስትጠብቅ፣ ከተጠቀለለው ትል ትንንሽ ዝንቦች የሚመስሉ ብዙ ነፍሳት ይወጡ ነበረ። ምክንያቱን ባታውቅም የሆነውን እንደ ሆነ ጻፈችው፤ ሣለችውም። እነዚህ ነፍሳት እንቍላላቸውን በሕያው ትል ገላ ውስጥ ጥለው ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ናቸው። ዛሬ የእርሻ ሊቃውንት የእህል ተባይን ለማጥፋት የሚያራቧቸው ከነዚሁ ወገን መሆናቸው ሲታሰብ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ነገርም ቢሆን በትክክል ከተጻፈ ለሚመጣው ትውልድ ሀብት እንደሚሆን ይገለጣል።

የእንጀራ አባቷ በመሞቱ በ1682 እናቷን ለመርዳት ወደ ፍራንክፈርት ተመለሰች። በዚያን ጊዜ በዚያችው ከተማ፣ የግዕዝንና የአማርኛን ቋንቋ ያጠናው ሊቅ ኢዮብ ሉዶልፍ ይኖር ነበረ። ሉዶልፍ ስለ ኢትዮጵያ የሚያውቀውን አብዛኛውን የተማረው ከመካነ ሥላሴው መነኵሴ ከአባ ጎርጎርዮስ ነበረ፤ የኢትዮጵያን ታሪክ የሚናገረውንም መጽሐፉን በ1681 በፍራንክፈርት አሳትሞ ነበረ። እንዲህ ባንድ ከተማ ውስጥ፣ አንዱ የሩቅ አገርን ቋንቋና ታሪክ፣ አንዲቱ በደጅ ያለውን ትል እየመረመሩ፣ ሁለቱም በየበኩላቸው የአውሮጳን ዕውቀት ያሰፉ ነበረ።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ማርያ ከባሏ ተለይታ እናቷንና ሁለቱን ልጆቿን ይዛ፣ በሆላንድ መንግሥት በፍሪስላንድ ክፍል ላባዲስት ከሚባሉ ማኅበርተኞች ጋራ ገባች። እነዚህ ሰዎች ከዓለም ርቀው፣ ገንዘባቸውን አንድ አድርገው የሚኖሩ ነበሩ። የሚኖሩበት ግቢ በደቡብ አሜሪካ የምትገኘው የሱሪናም ገዥ የነበረው የቆርኔሌዎስ ፋን ሶመልስዴይክ ቤተ ሰብ ርስት ስለ ነበረ፣ ከሱሪናም የመጡ ነፍሳትን መጀመሪያ ያየችው በዚህ ነው። በ1690 እናቷ ሞተች፤ በ1691ም ማኅበሩን ትታ ወደ አምስተርዳም ከተማ ወጣች። ትዳሯ ፈርሶ ነበርና ከልጆቿ ጋራ ሥዕልና ቀለም እየሸጠች በገዛ እጇ ሥራ ትኖር ጀመር።

በአምስተርዳም ብዙ ባለ ጠጎችና ሹማምንት ከሩቅ አገር የመጣ ቢራቢሮና የእሳት እራት በሣጥን ሰብስበው ያሳዩ ነበረ። ማርያም የከንቲባውን የኒቆላዎስ ዊትሰንን፣ የሐኪሙንም የፍሬደሪክ ሮይስን ስብስብ ተመለከተች። ነገር ግን ልቧ አልረካም። ሣጥኑ ውስጥ ያለው ሁሉ በመርፌ የተወጋ ሬሳ ነው፤ ከምን ትል እንደ ወጣ፣ ምን ቅጠል እንደ በላ፣ እንዴት እንደ ኖረ የሚናገር የለም። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ እንደሚባለው፣ ከምንጩ ሄዳ ለማየት ቈረጠች። መንግሥትም ሆነ ንጉሥ ስንቅ አልሰጣትም፤ ሥዕሎቿንና የሰበሰበችውን ሸጣ፣ ኑዛዜዋንም ጽፋ፣ በ1699 የኀምሳ ሁለት ዓመት ሴት ሳለች ከታናሽ ልጇ ከዶሮቴያ ጋራ በመርከብ ተሳፈረች። በዚያን ዘመን የምድርን ፍጥረት ለመመርመር ብቻ እንዲህ ያለ ባሕር የተሻገረ ሰው ከወንዶችም ጥቂት ነው።

ሱሪናም በዚያን ጊዜ የሆላንድ ቅኝ አገር ነበረች። ሀብቷ ስኳር ሲሆን፣ የስኳሩን አገዳ የሚያለሙት ከአፍሪቃ በግድ ተወስደው በባርነት የተሸጡ ሰዎች ነበሩ። በእርሻው ላይ ያሉት የሆላንድ ባለ ርስቶች ከስኳር በቀር ሌላ ነገር የምትፈልገውን ይህችን ሴት ያፌዙባት ነበረ። እርሷም በበኩሏ እነርሱ ከአገዳ በቀር ሌላ ተክል ለመትከል አለማሰባቸውን፣ በሠራተኞቻቸውም ላይ የሚያደርጉትን ጭካኔ በመጽሐፏ ነቅፋለች። ሙቀቱ እጅግ ጽኑ፣ ዱሩም እሾሃማ ስለ ነበረ፣ ሰዎች በመጥረቢያ መንገድ እየቈረጡ ይመሯት ነበረ። ትሉን ከዛፍ ጫፍ የሚያወርዱላት፣ ተክሉ ምን እንደሚባልና ለምን መድኀኒት እንደሚሆን የሚነግሯት የአገሩ ተወላጆችና አፍሪቃውያን ባሮች ነበሩ።

ከነርሱ የሰማችውም ሁሉ የዕፅዋት ነገር ብቻ አልነበረም። ቀይና ብጫ አበባ ያለውን አንድ ተክል በሣለችበት ገጽ፣ በባርነት ያሉ ሴቶች የዚህን ተክል ፍሬ ፅንስ ለማስወረድ እንደሚጠቀሙበት፣ ይህንም የሚያደርጉት ልጆቻቸው እንደ እነርሱ ባሮች ሆነው እንዳይወለዱ መሆኑን፣ ከገዛ አፋቸው እንደ ሰማች ጽፋለች። ስለ ትልና ስለ አበባ በተጻፈ መጽሐፍ መካከል ይህ ቃል መገኘቱ፣ የዚያን ዘመን የስኳር ንግድ በምን ያህል የሰው መከራ ይካሄድ እንደ ነበረ ምስክር ሆኖ ይኖራል። ነገር ግን ታሪክ እውነቱን ሁሉ መናገር አለበትና፣ እርሷም ራሷ በባሮች ሥራ ትገለገል ነበረ።

ማርያ በሱሪናም አምስት ዓመት ለመቈየት አስባ ነበረ ይባላል፤ ቢሆንም በጽኑ ሕመም ተይዛ ሁለት ዓመት ሳይሞላ በጁን ወር 1701 ተነሣች፤ በሴፕቴምበርም አምስተርዳም ደረሰች። በብራና ላይ የተሣሉ ሥዕሎቿን፣ በመጠጥ ውስጥና በደረቅ የተጠበቁ ፍጥረቶችን ይዛ ነበረ። ከአራት ዓመት ሥራ በኋላ በ1705 የሱሪናም ነፍሳትን አለዋወጥ የሚናገረው ታላቅ መጽሐፏ በላቲንና በሆላንድ ቋንቋ ወጣ። ገጹ ሰፊ፣ ሥዕሉም 60 ነበረ። የተክሎቹን የላቲን ስም የዕፅዋት ሊቅ የሆነው ካስፓር ኮመሊን ጨመረላት። ከሥዕሎቹም መካከል በአውሮጳ ከዚያ በፊት ታይተው የማያውቁ ታላላቅ የእሳት እራቶች አሉ። አንዱ ትል የሚፈትለው ክር ጠንካራ መሆኑን አይታ፣ ለሐር ይሆን እንደ ሆነ ወደ ሆላንድ ልካ አስመርምራለች።

አዲስ ዐይነት ተገኘ የሚባለው፣ ሰው መጀመሪያ ስላየው ብቻ አይደለም፤ የአገሩ ሰው ሁልጊዜ ያውቀዋልና። ተገኘ የሚባለው ከሌሎቹ የሚለይበት መልኩ ተጽፎ፣ ስም ተሰጥቶት፣ ሌላው ሊቅ ሊያመሳክረው የሚችል ምስክር ሲቀመጥለት ነው። የስዊድኑ ሊቅ ካርል ሊኔዎስ በ1758 ለእንስሳት ሁሉ በሁለት ቃል ስም የመስጠትን ሥርዐት ባጸና ጊዜ፣ የማርያን ሥዕሎች ብዙ ጊዜ ምስክር አድርጎ ጠቅሷል። እንዲሁም የአምስተርዳሙ ፒተር ክራመር በ1776፣ ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ወደ 28 ሳንቲ ሜትር የሚደርሰውን፣ በክንፍ ስፋት ከዓለም የእሳት እራት ሁሉ የሚበልጠውን ዐይነት አግሪፒና ብሎ ሰየመው። ያን ፍጥረት ማርያ ከ70 ዓመት በፊት ሥላ አሳትማው ነበረ። ስሙን የሰጡት እነርሱ ናቸው፤ የምስክርነቱ መሠረት ግን የርሷ ነበረ።

ሥራዋ ስሕተት አልነበረበትም ማለት አይደለም። በዚያው በታላቁ የእሳት እራት ገጽ ላይ የተሣለው ትል የሌላ ዐይነት ነው። የፋኖስ ነፍሳት የሚባለው ፍጥረት በሌሊት ያበራል ብላ የጻፈችውም አልጸና። ከሞተች በኋላ በ1719 መጽሐፏ ሲታተም አሳታሚው 12 ሥዕሎች ጨመረ፤ ከነዚህም አንዳንዶቹ የርሷ ስላልነበሩ፣ የሌላ ሰው ስሕተት በስሟ ተቈጠረ። በ1834 ሁለት የእንግሊዝ ወገን ጸሐፊዎች ተነሥተው ሥራዋን ነቀፉ፤ ይልቁንም ትንሽ ወፍ የሚበላ ታላቅ ሸረሪት በሱሪናም አለ ያለችውን እንደ ተረት ቈጠሩት። ነገር ግን በአማዞን ወንዝ አገር ዐሥራ አንድ ዓመት የተቀመጠው እንግሊዛዊው ሄንሪ ዋልተር ቤትስ፣ እንዲህ ያለ ሸረሪት ወፍ ይዞ በዐይኑ ማየቱን በ1863 ባሳተመው መጽሐፍ መሰከረ። ነቃፊዎቿ ነገሩ ሊሆን አይችልም ያሉት ካሉበት ሆነው ነው፤ እርሷ ግን የጻፈችው ከቦታው ደርሳ ነበረ። እውነቷም ሳይታወቅ መቶ ኀምሳ ዓመት ያህል ቈየ።

ማርያ በ1715 ግማሽ አካሏ በሽባነት ተይዞ፣ በጃንዋሪ 13 ቀን 1717 ዓ.ም. በአምስተርዳም ሞተች። ሀብት አላተረፈችም። በዚያው ወራት የሩስያው ንጉሥ ታላቁ ጴጥሮስ በሐኪሙ አማካይነት ብዙ ሥዕሎቿን ገዛ። ልጇ ዶሮቴያም የአባ ጨጓሬውን መጽሐፍ ሦስተኛ ክፍል አሳትማ፣ ከባሏ ጋራ ወደ ፔተርስቡርግ ሄዳ በንጉሡ ቤት በሥዕል አገለገለች። የጀርመን መንግሥት በ1992 ባወጣው የ500 ማርክ የወረቀት ገንዘብ ላይ የማርያን መልክ አተመ፤ ያም ገንዘብ በኤውሮ እስኪለወጥ ድረስ ሠርቷል። በ2018ም በመካከለኛው አሜሪካ በፓናማ ለተገኘ አዲስ የቢራቢሮ ዐይነት ሊቃውንት በስሟ ሲቢላ ብለው ሰይመውታል።

ከዚህ ሁሉ ክብር አጠገብ ግን አንድ ጕድለት ይታያል። ከሱሪናም ስትመለስ ከአገሩ ተወላጆች አንዲት ሴት ይዛ መጥታለች፤ በዱር መንገድ የቈረጡላት፣ ትሉን ያመጡላት፣ የተክሉን ጥቅም ያስተማሯት ብዙዎች ናቸው። ሥራቸውን ጽፋለች፤ ስማቸውን ግን አልጻፈችም። ኢዮብ ሉዶልፍ የመምህሩን የአባ ጎርጎርዮስን ስም በመጽሐፉ ጽፎ፣ መልኩንም አሳትሞ ስላቈየ፣ ያ መነኵሴ በአውሮጳ ሊቃውንት ዘንድ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። የሱሪናም ሰዎች ግን ለእያንዳንዱ ትል ስም ሲወጣለት እነርሱ ያለ ስም ቀሩ። በቢሮም ሆነ በትምህርት ቤት፣ የሌላውን ድካም ተቀብሎ የራሱን ስም ብቻ የሚጽፍ ሰው ይህን ሊያስብበት ይገባል።

የማርያ ሲቢላ መርያን ታሪክ የሚያስተምረው ይህ ነው፤ ከሩቅ ሆኖ ከመፍረድ ቀርቦ መመልከት ይሻላል፤ የታየውም ነገር ምክንያቱ ቢታወቅም ባይታወቅም በትክክል ተጽፎ ይቀመጥ፤ ያገዘም ሰው ከነስሙ ይጻፍ። ዛሬ በኢትዮጵያ ደኖችና ተራሮች በሌሊት የሚበሩት የእሳት እራቶች ብዙዎቹ ገና አልተመረመሩም። ተምችን የሚከላከል የእርሻ ሹም፣ የሐር ትል የሚያረባ ገበሬ፣ በገዳም ደን አጠገብ የሚኖር ካህን፣ እያንዳንዱ በደጁ ያለውን ቢመለከትና ቢጽፍ፣ በዐሥራ ሦስት ዓመቷ በአንድ የሐር ትል የጀመረችው ልጅ ያገኘችውን ያህል ለማግኘት ባሕር መሻገር አያስፈልገውም።